ጀርባው ሳይከፈት ዋጋው አይነገር

አሮጌ የእጅ ሰዓት ሲሸጥም ሆነ ሲገዛ በመካከላችን የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምን ይላል?» ጠያቂው ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ አይደለም። በፊቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው የሚጠይቀው። ኦሜጋ ይላል፣ ሎንጂን ይላል፣ ሮሌክስ ይላል ከተባለ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ማንም ያልሰማው ስም ከሆነ ደግሞ እንደ ልጆች መጫወቻ ይናቃል። ሻጩና ገዢው፣ ብዙ ጊዜም በመካከላቸው ለምስክርነት የተጠራው ሰዓት ሠሪ ጭምር፣ ጀርባውን ሳይከፍቱ ተስማምተው ይለያያሉ።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ልማድ ጋር ነው። የአንድ ሰዓት ማንነት የሚታወቀው በውስጡ ባለው ማሽን እንጂ በፊቱ ላይ በታተመው ስም አይደለም። ማሽኑን ለይቶ ያላወቀ ሰው ስለ ሰዓቱ ዋጋም ሆነ ስለ ዕድሜው፣ ይልቁንም ስለ ጥገናው፣ አፉን ሞልቶ ሊናገር አይገባውም። ጉዳዩ የሰብሳቢዎች ቅንጦት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ነገር ግን በዚሁ አለማወቅ ምክንያት ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን እጅ የወረስናቸው፣ ዳግመኛ የማይሠሩ ማሽኖች ከቤታቸው እየወጡ ከጥራጊ ጋር እየተጣሉ ነው።

ማሽን የምለው ሰዓት ሠሪዎቻችን በዚሁ ስም የሚጠሩትን ነገር ነው፤ ከሞላው ጀምሮ ጥርሳሞቹን መንኮራኩሮች አልፎ ወዲያና ወዲህ እስከምትወዛወዘው ቀለበት ድረስ ያለውን ሁሉ። ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ለቃሉ የተሻለ አማርኛ መፈለግ ያምረኝ ነበር። ሆኖም ባለሙያዎቹ አፋቸውን የፈቱበት ቃል እያለ ከመዝገበ ቃላት ሌላ ፈልፍሎ ማውጣት ድፍረት ነውና ማሽን ይበቃናል።

በፊቱ ላይ ለታተመው ነገር እንዲህ መንበርከካችን በተለይ የሚገርመኝ ሰዓት ከምናነብበት ልማድ ጋር ሳስተያየው ነው። ኢትዮጵያዊ የአውሮፓን ሰዓት ሲመለከት ቆጣሪው 9 ላይ ከሆነ «ሦስት ሰዓት» ይላል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶቻችንም ያንኑ ቁጥር አይተው «ሳ ታቱ» ይላሉ፤ እነርሱም እንደኛ ቀኑን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነውና። ይህ አካባቢ የእጅ ሰዓት ማሰር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ፊቱ የሚለውን እንደወረደ ተቀብሎ አያውቅም፤ በየዕለቱ በልቡ እየተረጐመ ያነብበዋል። ቁጥሩን እንዲህ አርመን የምናነብብ ሰዎች ከቁጥሩ ከፍ ብሎ የተጻፈው ስም ላይ ስንደርስ ግን እንደ ቃለ መሐላ እንቀበለዋለን።

ስሙ የሚናገረው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ማን እንደሸጠው ብቻ። በስዊዘርላንድ ለዘመናት የነበረው አሠራር ይህ ነው፦ ጥሬ ማሽን ብቻ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ሌሎቹ ድርጅቶች ከእነርሱ እየገዙ፣ አንዳንዱ በጥንቃቄ አስውቦና አስተካክሎ፣ አንዳንዱ እንዳለ ቤት ውስጥ ከትቶ፣ በየራሳቸው ስም ለገበያ ያቀርባሉ። የፎንተንመሎን ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1793 ነው። እርሱና በግሬንኸን ከተማ የነበሩት የአዶልፍ ሺልድና የኤ. ሚሼል ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1926 ኤቦሽ ኤስ ኤ በሚባል አንድ ማኅበር ተጣመሩ። ኤታ፣ ፌልሳ፣ ኡኒታስ፣ ፐዙ፣ ቬነስ፣ ላንደሮንና ቫልዡ ከጊዜ በኋላ በዚሁ ጥላ ሥር ገቡ። እነዚህን ስሞች ከአንባቢያን ስንቱ በሰዓት ፊት ላይ አንብቦ ያውቃል? በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዓቶችን ያንቀሳቀሱ እጆች ግን የእነርሱ ናቸው። ስማቸው የሚገኘው ጀርባው ተከፍቶ፣ ከምትወዛወዘው ቀለበት ሥር፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ በሚነበብ ፊደል ነው።

በትርጉም ሥራ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ የራሱን ዕጣ ማየቱ አይቀርም። የተርጓሚው ስም ከሽፋኑ ላይ ሳይሆን ከውስጠኛው ገጽ ግርጌ፣ ከማተሚያ ቤቱ አድራሻ አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ነው እንግዲህ። ስለዚህ በዚህ ክርክር ገለልተኛ አይደለሁም። ወገንተኝነቴን ግን ማስረጃ ይደግፈዋል።

በዋጋ ከሁሉ በላይ ከሚጠሩት ልጀምር። ሮሌክስ ዳይቶና የተባለው ክሮኖግራፍ ከ1963 እስከ 1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በውስጡ ይዞ የኖረው ቫልዡ 72 የሚባለውን ማሽን ነው። ከ1988 በኋላ ዜኒት ከተባለው ድርጅት የተገዛ ማሽን ተሻሽሎ ገባበት። ሮሌክስ የራሱን ማሽን ያስገባለት በ2000 ነው። በ1969 ጨረቃ ላይ የደረሰው የኦሜጋ ስፒድማስተር «321» የሚል ቁጥር ያለው ማሽን ነበረው፤ ይህም የሌማኒያ ፋብሪካ 2310 ብሎ የሚጠራው ነው። ፓቴክ ፊሊፕም በኋላ ይህንኑ የሌማኒያ ማሽን መሠረት አድርጎ እጅግ ውድ የሆኑ ክሮኖግራፎቹን ሠርቷል። ከሁሉም የሚያስደንቀው በ1967 ዤጀር ለኩልትር የሠራው 920 የሚባለው ስስ ማሽን ነው። ኦደማር ፒጌ፣ ፓቴክ ፊሊፕና ቫሽሮን ኮንስታንታን ሦስቱም ተጠቀሙበት፤ እያንዳንዱም የየራሱን ቁጥር ሰጠው። ዤጀር ለኩልትር ግን በራሱ ስም በሚሸጥ ሰዓት ውስጥ አላስገባውም። ሦስት ታላላቅ ስሞች በሦስት ፊት ላይ ሲነበቡ ውስጣቸው የአንድ እጅ ሥራ ነው ማለት ነው።

ይህን ስል ከሌላው ጎራ የሚነሣብኝን አውቃለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፊቱን ብቻ ከሚያመልኩት በተቃራኒ የቆመ፣ ነገር ግን በሌላ መንገድ እኩል የተሳሳተ ወገን ተፈጥሯል። ይህ ወገን ጀርባውን ይከፍታል፤ ከፍቶም «ማሽኑ የራሱ አይደለም፣ የተገዛ ነው» ብሎ ሰዓቱን ያጣጥለዋል። የራስ ሥራ የሆነ ሁሉ ክቡር፣ ከሌላ የተገዛ ሁሉ ርካሽ ነው ይለናል። በዚህ ሚዛን የጨረቃው ስፒድማስተርም ርካሽ ሊሆን ነው! ፌልሳ በ1942 ባይዳይናተር ብሎ ያወጣው 690 ቁጥር ማሽን ክብደቱ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲዞር ሞላውን የሚሞላ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ ይህ ማሽን የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው ከተረሳ ድርጅቶች ሰዓት ውስጥ ነው። ፊቱን የሚያመልከው ስሙን አላውቀውም ብሎ ይጥለዋል፤ የራስ ሥራ አምላኪው የተገዛ ነው ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም አልፈውት የሄዱት ግን አውቶማቲክ ሰዓት ዛሬ የያዘውን መልክ እንዲይዝ ካደረጉት እርምጃዎች አንዱን ነው።

ታዲያ ማሽን እንዴት ይለያል? ምሥጢር የለውም፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ጆሮና እጅ ይቅደሙ። ሰዓቱን ቀስ ብሎ ሲያዘነብሉት በውስጡ አንድ ነገር ሄዶ ከግድግዳ ጋር እንደሚጋጭ ሆኖ ለእጅ ከተሰማ፣ ክብደቱ ሙሉ ዙር የማይዞር፣ በሁለት ትንንሽ ሞላዎች መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመታ የጥንት አውቶማቲክ ሊሆን ይችላል፤ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኦሜጋን ጨምሮ ብዙዎች ሠርተውታል። ይህን ያላወቀ ሰዓት ሠሪ «ውስጡ ተሰብሮ ይንኳኳል» ሲል ሰምቻለሁ።

ክዳኑ ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ከላይ በጉልህ በተቀረጸው ስም ላይ ነው። እዚያ ላይ መቆም ግን ፊቱን ከማመን እምብዛም አይሻልም፤ ጥሬ ማሽን የሚሠሩት ፋብሪካዎች የገዢያቸውን ስም ይቀርጹ ነበርና። የሚፈለገው ጽሑፍ ከምትወዛወዘው ቀለበት ሥር፣ በታችኛው ሳህን ላይ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ፊደልና ከእነርሱ ጋር አንድ ቁጥር። «ኤ ኤስ» ካለ አዶልፍ ሺልድ ነው፤ «ኤፍ ኤች ኤፍ» ካለ ፎንተንመሎን። ቁጥሩ ደግሞ ከዚያ ፋብሪካ ማሽኖች የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ወደ አሜሪካ እንዲገቡ የተላኩ ማሽኖች ቀለበቷን በያዘው ድልድይ ላይ ሦስት ፊደላት ይታተሙባቸው ነበር፤ «ኦ ኤክስ ጂ» ኦሜጋ፣ «ኤል ኤክስ ደብልዩ» ሎንጂን፣ «አር ኦ ደብልዩ» ሮሌክስ ማለት ናቸው። እንዲህ ያለው ምልክት የተገኘበት ሰዓት የባለቤቱንም ጉዞ ጭምር የሚጠቁም ነው።

ምልክት የሌለው ማሽን ሲያጋጥም ሥራው ይከብዳል፤ ጣዕሙም ያኔ ነው የሚጀምረው። ማሽኑ ከቤቱ ወጥቶ ስፋቱ ይለካል። የሙያው መለኪያ ዛሬም ሊኝ የሚባለው የጥንት ፈረንሳይ ልክ ነው፤ አንዱ ሊኝ 2.256 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 11½ ሊኝ ማለት 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ ቆጣሪዎቹና ፊቱ ይነሣሉ። ከፊቱ ሥር፣ መሙያው ሲሳብና ሲገፋ ቦታውን የሚያስይዝ አንድ ስስ የብረት ቅጠል አለ። የዚህ ቅጠል ቅርጽ ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ እንደ ጣት አሻራ ቢቆጠር ማጋነን አይሆንም። የጀርመኑ ፍሉመና የአሜሪካው ቤስትፊት ያሳተሟቸው ወፋፍራም መዝገቦች ይህን ቅርጽ በሥዕል እየነደፉ በየስፋቱ ደርድረውታል። በአንድ እጅ ወረንጦ፣ በሌላው መዝገብ ይዞ ሥዕሉን ከብረቱ ማመሳከር ለእኔ ከጥንት ብራና ላይ የጠፋ ፊደል እንደመፈለግ ነው። (ባለቤቴ ግን ዓይን ከማጥፋት የተለየ ጥቅም አይታያትም።)

ማሽኑ ከታወቀ በኋላም አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ማሽኑ፣ ፊቱና ቤቱ ከጥንት አብረው የኖሩ ናቸው? የሰዓት ፊት ከጀርባው ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ እግሮቹ በማሽኑ ላይ ለእነርሱ ተብለው በተበሱ ቀዳዳዎች ይገባሉ። እግሮቹ ተቆርጠው ፊቱ በሙጫ ከተለጠፈ ማሽኑ ተለውጧል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። የመሙያው ዘንግ በቤቱ ቀዳዳ መካከል ሳይሆን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አጋድሎ ከወጣም እንደዚሁ። በተለይ ሕንድ አገር ፊታቸው እንደ አዲስ እየተቀባ፣ የታወቀ ስም እየተጻፈባቸው የሚሸጡ አሮጌ ሰዓቶች በዓለም ገበያ ሞልተዋል። ቀለማቸው ያማረ፣ ፊደላቸው የደመቀ ነው፤ ውስጣቸው ግን ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ። «ምን ይላል?» ብሎ ለሚገዛ ሰው የተዘጋጁ ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የዕንቁውን ቁጥር ማመንም የዚሁ ገርነት ወገን ነው። በእጅ የሚሞላ ተራ ሰዓት 17 ዕንቁ ይበቃዋል፤ ይሁንና በ1960ዎቹ ለገበያ ሲባል ብቻ እስከ 100 ዕንቁ የተሰገሰገባቸው ሰዓቶች ወጥተው ነበር። የጃፓኑ ኦሪየንት ግራንድ ፕሪ 100 ከእነዚህ አንዱ ነው።

ብርቅ የሆኑት ማሽኖች አደጋቸው ከተራዎቹ ይብሳል፤ ያልለመደ ዓይን ብርቅነታቸውን እንደ ብልሽት ያየዋልና። በጎኑ መሙያ የሌለውን ሰዓት እንውሰድ። መሙያ የሌለው ሰዓት ሲመጣ ሦስት ነገር ሊታሰብ ይገባል። አንደኛ፣ እንግሊዛዊው ጆን ሃርውድ በ1920ዎቹ የፈጠረው የመጀመሪያው በብዛት የተሸጠ አውቶማቲክ የእጅ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ሃርውድ አቧራና እርጥበት በመሙያው ቀዳዳ እንዳይገባ ብሎ ቀዳዳውን ጨርሶ አስቀረው፤ ሰዓቱ የሚስተካከለው በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ክብ በማዞር ነው። ሁለተኛ፣ ለኩልትር በ1950ዎቹ የሠራው ፊውቸርማቲክ ሊሆን ይችላል፤ የእርሱ ማስተካከያ ከጀርባው ነው። ሦስተኛው ቡሎቫ አኩትሮን 214 ነው፤ በእርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አኩትሮንን የፈጠረው ማክስ ሄትዘል የተባለ ስዊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን ለገበያ የወጣው በ1960 መጨረሻ ነው። ውስጡ የምትወዛወዝ ቀለበት የላትም። በምትኳ ሙዚቀኞች ድምፅ የሚቃኙባት ዓይነት ባለ ሁለት ጣት የብረት ሹካ አለች፤ በሁለት የሽቦ ጥቅሎችና በአንዲት ትንሽ ባትሪ ኃይል በሰከንድ 360 ጊዜ ትርገበገባለች። ከሹካዋ ላይ የወጣች ከፀጉር የቀጠነች ዘንግ፣ ጫፏ ላይ ባለች ዕንቁ፣ 2.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ ያላትን መንኮራኩር ትገፋለች። በዚያች መንኮራኩር ዙሪያ 300 ጥርሶች አሉ። የሰከንድ ቆጣሪው አይዘልም፤ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ወደ ጆሮ ሲያስጠጉት «ቲክ ቲክ» ሳይሆን እንደ ንብ «እም» ይላል። ከጀርባው እንደ ባልዲ እጀታ የሚታጠፍ ማስተካከያ አለው። የተሠራበት ዓመትም በአንድ ፊደልና በአንድ ቁጥር ተመዝግቧል፤ «ኤም5» ማለት 1965 ነው።

አንዲት በሥራ የማውቃት እኅት የሟች አባቷን ወረቀቶች ለትርጉም ይዛልኝ መጥታ ነበር። አባቷ በ1960ዎቹ አሜሪካ የተማሩ ሰው ናቸው። ከወረቀቶቹ መካከል መዳፍ የማትሞላ የእንግሊዝኛ መመሪያ ነበረች፤ ወንድሞቿ ሰዓቱ እንዴት እንደሚያዝ እንዲያውቁ አማርኛ እንዲሆንላት ፈለገች። የመጀመሪያውን ገጽ እንዳነበብሁ ሰዓቱን አሳዪኝ አልኋት፤ ከእጇ ፈትታ ሰጠችኝ። በፊቱ ላይ አኩትሮን ይላል። የሰከንድ ቆጣሪው ግን ይዘልላል። በጎኑ በኩል በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ውስጥ ርካሽ መሙያ ተሰክቷል። አንድ ሰዓት ሠሪ «መሙያው ተነቅሎ ጠፍቷል፣ ማሽኑም ሞቷል» ብሎ ቤቱን በስቶ የቻይና የባትሪ ማሽን አስገብቶላት ነበር። አሮጌውስ ማሽን? ስትጠይቀው ጥራጊ ነው፣ ተጥሏል አላት።

ሰውየው ሌባ አይደለም። ሞተ ያለውም ማሽን ምናልባት አልሞተም ነበር። አኩትሮን የተሠራው 1.35 ቮልት ለነበረው የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። ዛሬ የሚገኘው 1.55 ቮልት ያለው ሲገባበት ዘንጓ በአንድ ግፊት ሁለት ጥርስ ልታልፍ፣ ሰዓቱም ሊፈጥን ይችላል፤ የሚያውቅ ባለሙያ ያስተካክለዋል፣ የማያውቅ ተበላሽቷል ይላል። መመሪያዋን ተርጕሜ ሰጠኋት። «ሰዓትዎ የሚሰጠው ረጋ ያለ ድምፅ ትክክለኛ መሥራቱን ያረጋግጥልዎታል» የሚል ሐሳብ በአማርኛ ሳሰፍር፣ ድምፁ ሌላ ቦታ ቆሻሻ ሥር እንዳለ እያወቅሁ ነበር።

ከምሥራቅ የመጡትም ሰዓቶች ከዚህ ንቀት አላመለጡም። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት የሄዱ ወገኖቻችን ፖቤዳና ፖልዮት አስረው ተመልሰዋል፤ ዛሬ ያ ሰዓት «የራሽያ ነው» ተብሎ ሳይታይ ይጣላል። ቢከፈት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የሞስኮ የሰዓት ፋብሪካ በ1930 ሥራ የጀመረው ኦሃዮ ውስጥ ከከሠረው የዱበር ሃምፕደን ኩባንያ በተገዙ መሣሪያዎች ነው። የፖቤዳ ማሽን መሠረቱ ሊፕ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት አር 26 የሚለው ሥራ ነው። ፖልዮት ከ1976 ጀምሮ የሠራው 3133 ቁጥር ክሮኖግራፍ ደግሞ ከቫልዡ 7734 የተወለደ ሆኖ ዕንቁው ከ17 ወደ 23 ከፍ ያለ፣ ፍጥነቱም የጨመረ ነው። ይህን እንደ ቅጂ የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ ግን ጥሩ ትርጉም እለዋለሁ፤ ምንጩን ያውቃል፣ በአዲሱ አገር ልክ ያስተካክለዋል። ክዳኑን ያልከፈተ ሰው ምንጩንም ትርጉሙንም አያይም።

አሁን ወደ መቃወሚያዎቹ። «ሰዓት ጊዜ ለማወቅ ነው፤ የባትሪው ማሽን ከአሮጌው ይልቅ በትክክል ይቆጥር የለም ወይ?» ይባላል። ይቆጥራል። ጊዜ ብቻ ለፈለገ ሰው ግን የባትሪ ሰዓት በርካሽ ይሸጣል፤ የአባቱን ሰዓት ቤት መብሳት አያስፈልገውም። «መለዋወጫ የለም» የሚለው ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ይላል፤ አከብረዋለሁም። ፒያሳ በመስታወት ሳጥን ጀርባ አጉሊ መነጽራቸውን በአንድ ዓይናቸው ነክሰው ይሠሩ የነበሩት አዛውንት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ እነርሱ ያከማቿቸው የመለዋወጫ ቆርቆሮዎችም የት እንደደረሱ የሚጠይቅ አልተገኘም። በአውሮፓም ስዋች ግሩፕ የተባለው የብዙ ስሞች ባለቤት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለጅምላ መለዋወጫ ነጋዴዎች መሸጥ አቁሟል። ታዲያ መለዋወጫ ከየት ይምጣ? ከአሮጌ ማሽን ነዋ! ከወለሉ ተጠርጎ የሚጣለው ያ የማይንቀሳቀስ ማሽን ለሌላ አምስት ማሽን ጥርስ፣ ዘንግና ድልድይ የሚሰጥ ነው። መለዋወጫ የለም እያለ መለዋወጫ የሚጥል ሙያ ከራሱ ጋር ይጣላል።

ጣዩ ወገን ሁልጊዜ ድሃው ሰዓት ሠሪ ብቻ አይደለም። ዜኒት የተባለው የስዊዝ ድርጅት በ1975 በአሜሪካውያን ባለቤቶቹ ትእዛዝ የባትሪ ያልሆነውን ሥራ ሲያቆም፣ ኤል ፕሪሜሮ የተባለው አውቶማቲክ ክሮኖግራፉ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እንዲሸጡ ተወስኖ ነበር። ሻርል ቬርሞ የተባለ ሠራተኛ ትእዛዙን ጥሶ መሣሪያዎቹን ጣሪያ ሥር ደበቃቸው፤ የየትኛው ክፍል መሣሪያ የቱ እንደሆነም በጽሑፍ መዝግቦ አስቀመጠ። በ1980ዎቹ ማሽኑ እንደገና የተሠራው በዚያ መዝገብ ነው። ቀደም ሲል የጠቀስሁት፣ በ1988 ሮሌክስ ዳይቶና ውስጥ የገባው የዜኒት ማሽንም ይኸው ኤል ፕሪሜሮ ነው። ቬርሞ መሣሪያዎቹን ደብቆ ስማቸውን ባይጽፍ ኖሮ ያገኘነው የብረት ክምር ነበር።

ከሰዓት ሠሪዎቻችን የምጠይቀው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ማሽን መለወጥ ግድ ሲሆን የወጣው ማሽን የባለቤቱ ነው፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ይመለስለት። በደረሰኙ ላይ «አንድ የእጅ ሰዓት» ተብሎ መጻፉ ይቅርና የማሽኑ ስምና ቁጥር ይጻፍ። ቁጥሩ ካልተገኘ ስፋቱ ይጻፍ። የማያውቁት ሲያጋጥም ከመብሳትና ከመቁረጥ በፊት የሚያውቅ ይጠየቅ፤ ይህን ማድረግ ሙያን አያዋርድም። ሻጮችም ጀርባውን ከፍተው ያሳዩ። ለማሳየት እምቢ ያለውን ገዢው ይለፈው፤ ፊቱ የፈለገውን ቢል። ወራሾችም የወላጆቻችሁን ሰዓት ለጥገና ስትሰጡ ክዳኑ ፊት ለፊታችሁ እንዲከፈት ጠይቁ፤ በእጅ ስልካችሁም ፎቶ አንሡት።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የለንም የሚሉኝ ባለሙያዎች አሉ። «አኩትሮን 214፣ ኤም5፣ ሽቦው ያልተበጠሰ፣ ባትሪ የለውም» ብሎ ለመጻፍ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።